የሻምበል ኤልዳድ አውራ ጣት

የሚሞተው አራት ሰዓት ላይ ነው። መንበሩ ግን ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ገላን ያለው ስቱዲዮ በር ላይ ቆሟል፤ ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ አዲስ ካልሲ አድርጎ፣ የፊት ሽፋኑን እንደ ደንቡ እስከ አንገቱ አስሮ።

ጥበቃው አላስገባውም። ሽፍን ብቻውን አይገባም፣ ዘመድ መጥቶ ይፈርምልህ አለው። መንበሩ ዘመዴ ውስጥ ናት፣ ልጄ ትርሲት እዚሁ ነው የምትሠራው አለ። እንግዲያው ጠብቃት ብሎ ጀርባውን ሰጠው። ትርሲት ወሬውን ሰምታ ስትወጣ አባቷ አንድ ሰዓት ተኩል ፀሐይ መትቶታል።

«ለምን አልደወልክም?»

«ሥራ ላይ ነሽ ብዬ።»

«አባዬ፣ ዛሬ ሥራዬ አንተን መግደል ነው።»

«እሱማ ነው። እንዳትቸኩዪ ብዬ ነዋ።»

ፈረመችለትና ገቡ።

መንበሩ ፊቱን የሸጠው በአርባ አንድ ዓመቱ፣ ትርሲት ገና ሆድ ውስጥ እያለች ነው። ያኔ ተዋናይ የተባለ ሁሉ ይሸጥ ነበር። ድርጅቱ ፊቱን ወስዶ ሻምበል ኤልዳድ አደረገው። ሻምበል ኤልዳድ «ጣቢያ ዘጠኝ» በሚባለው ተከታታይ ድራማ ላይ ከሰማይ በላይ የተንጠለጠለች ከተማ የሚያዝ መኮንን ነው። ማሽኑ ያስኬደዋል፣ ያናግረዋል፣ ሦስቴ ድሮታል። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አላረጀም።

መንበሩ ግን አርጅቷል፤ ያየው ሰው የለም እንጂ። አንድ ፊት ሁለት ቦታ አይታይም ይላል ውሉ። ዳቦ ሲገዛ ሽፍን፣ ለቅሶ ሲደርስ ሽፍን፣ ሚስቱን ሲቀብር ሽፍን። ሰፈር ውስጥ ልጆች «ሽፍን መጣ» እያሉ ይከተሉታል። አድገው ሲተዉት ታናናሾቻቸው ይቀጥላሉ።

ትርሲት ልጅ ሆና አባቷን የምታየው መጋረጃ ሲዘጋ ነው። ሽፋኑን ያወልቅና ሬሳ ይጫወታሉ። እሱ ወለሉ ላይ ይንጋለላል፣ እሷ ትኮረኩረዋለች፣ ጆሮው ላይ ትጮሃለች፣ አፍንጫው ውስጥ የላባ ጫፍ ትከታለች። ከተንቀሳቀሰ ተሸነፈ። አንድም ቀን አሸንፋው አታውቅም። ትናደድና ታለቅሳለች። ስታለቅስም አይንቀሳቀስም።

ፊቱ የሚመለስለት ሻምበሉ ከሞተ ብቻ ነው። ሕጉን ያወጡት የድሮ ተዋንያን ናቸው። ሲያወጡት ሰክረው ነበር ይባላል፤ ቢሆንም ይሠራል። የሰው ፊት በማሽን አይገደልም፣ ባለቤቱ ራሱ በአካል ተኝቶ ይሞታል። ከሞት ልነሳ ቢልም የሚነሳው በገዛ አካሉ ነው። ቀረጻው አንዴ ነው፣ መድገም የለም። ሙሉ ፈቃዱ ለሁለት ሰዓት ነው፣ ከአራት እስከ ስድስት። የተኛው ባለቤቱ መሆኑን ደግሞ ፊቱን የሚያውቅ ሰው ይመሰክራል፤ ያየውን አንድ በአንድ ይጽፍና አውራ ጣቱን ሰሌዳው ላይ ያሳርፋል። ጣት ያረፈበትን ቀረጻ ማንም አይነካውም።

የመንበሩን ፊት የሚያውቅ ሌላ ሰው የለምና ምስክሯ ትርሲት ሆነች። የዘወትር ሥራዋም ከዚህ አይርቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብርጭቆው በየትኛው እጅ እንደነበር፣ የትኛው ቁልፍ እንደተፈታ ስትጽፍ ኖራለች።

ሻምበሉ የሚሞተው ትኩሳቱ ስለወረደ ነው። ትኩሳት የሚሉት ግድግዳው ላይ ያለውን ቁጥር ነው። ስድስት ሺህ ተመልካች እቤቱ ተቀምጦ፣ አምባር አጥልቆ ቀረጻውን ያያል፤ ልባቸው ሲመታ ቁጥሩ ይወጣል፣ ሲሰለቹ ይወርዳል። ድርሰቱ በቁጥሩ ይቀየራል። ባለፈው ወር አንዲት ሙሽራ ትኩሳት አወረደች ተብሎ በሠርጓ መሃል ጠፋች። የት ሄደች ያለ ተመልካች የለም። የሙሽራዋ ፊት ባለቤት እስከ ዛሬ ሽፍን ናት፤ ጠፋች እንጂ አልሞተችማ።

አራት ሰዓት ሊሆን አሥር ጉዳይ ሲል መንበሩ ሽፋኑን ፈታ።

ፊቱ ሁለት ቀለም ነው። ዓይኖቹ ዙሪያ በሽፋኑ ቀዳዳ የገባው ፀሐይ አጥቁሮታል፤ የቀረው ድንጋይ ሥር እንደከረመ ሣር ነጥቷል። ፊቱን አሻሸው። የሰው ዓይን ሲያርፍበት የበላው ይመስል።

ዳይሬክተሩ ያፌት ይባላል፣ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ጠጋ ብሎ አየው።

«ይኼ ነው እንዴ? አባባ፣ በደህና ጊዜ ነው የሸጥከው።»

ካሜራ የያዙት ሁለቱ ሳቁ። መንበሩም አብሯቸው ሳቀ፤ መሳቅ ነበረበት፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሲስቅ ያየው የለም። ትርሲት ሰሌዳዋ ላይ «ባለቤቱ ነው፣ ፊቱን አውቀዋለሁ» ብላ ጻፈች።

የሬሳ ሳጥኑ ከአልሙኒየም የተሠራ፣ ክፍት ነው። መንበሩ በብር ቀለም ልብስ ተጋደመ። የሚያየው ተመልካች በሱ ፊት ፋንታ የአርባ አንድ ዓመቱን ፊት ነው የሚያየው፤ ከአንገት በታች ያለው ግን ራሱ ነው፣ ሕጉ ነው። ድርሰቱ ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፦ የጣቢያው ሠራተኛ ሬሳውን ያዘጋጃል። የባለቤቱን አካል ሰው እንጂ ማሽን አይነካውምና ለዚህ ሥራ አንድ አጃቢ ተቀጥሯል። ጋሽ ይርዳው ይባላል፣ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። እድሮች እስኪዘጉ ድረስ አርባ ዓመት የእድር ሰው ነበር። ይህን የጠየቀው የለም። የብር ቱታ አለበሱትና ግባ አሉት።

ምን ላድርግ ብሎ ያፌትን ጠየቀው። ያፌት ድርሰቱ ላይ ያለውን መልሶ ነገረው፦ ሬሳውን አዘጋጅ።

ያፌት ሬሳ አይቶ አያውቅም። በሱ ዕድሜ ያለ ሰው አያይም፤ የሞተ ሰው ከሆስፒታል የሚወጣው በታሸገ ሳጥን ነው። የሚዘጋጅ ሬሳ ሲባል የመጣለት ልብስ ማስተካከል፣ ጸጉር ማበጠር ነው።

ጋሽ ይርዳው ከሜካፑ ጠረጴዛ ጥጥ አነሳ። ከቱታው ጠርዝ የተተረተረ ነጭ ክር መዘዘ፣ በጥርሱ ለሁለት በጠሰው። የመንበሩን ዓይኖች በመዳፉ ከደነ። አፍንጫውን በጥጥ ደፈነ፤ በከንፈሩ መሃል ትንሽ ክፍተት ተወለት፣ አይታይም። እጆቹን ሆዱ ላይ አገናኝቶ ሁለቱን አውራ ጣቶች አንድ ላይ አሰረ። ከዚያ አዲሱን ካልሲ አወለቀና የእግሮቹን አውራ ጣቶች ገጥሞ እነሱንም አሰረ። የጋሽ ይርዳው ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ የሚለውን ማንም አልሰማውም።

ትኩሳቱ ሠላሳ አንድ ነበር። ጥጡ ሲገባ ሃምሳ ሆነ። ክሩ ሲታሰር ሰማንያ አለፈ። ያፌት ግድግዳውን እያየ እጁን አፉ ላይ ጫነ። የእግሩ ጣቶች ሲታሰሩ ዘጠና አንድ። ጣቢያ ዘጠኝ ዘጠና አይቶ አያውቅም።

ትርሲት ሁሉንም ጻፈችው፤ ጥጡን፣ ክሩን፣ የቱ እጅ በየቱ ላይ እንደሆነ። ስትጽፍ ቀስ አለች።

«ትርሲት፣ ጣትሽን» አለ ያፌት።

ደንቡ መጀመሪያ ለዳይሬክተሩ አንብቢለት ይላል። አነበበችለት። «አፍንጫ በጥጥ ተደፍኗል። የእጅ አውራ ጣቶች በነጭ ክር . . .»

«የሬሳው ልጅ፣ ትኩሳቱ እስኪበርድ ልታነቢልኝ ነው? አሳርፊ።»

«ደንቡ አንብቢ ነው የሚለው።»

«ሰማሁሽ። አሳርፊ ብያለሁ።»

ሦስተኛ አልነገረችውም። አውራ ጣቷን አሳረፈች። ሰሌዳው አረንጓዴ በራ።

ከጣሪያው ድምፅ የመጣው ያኔ ነው። ወይዘሮ ሳምራዊት የድርጅቱ አዛዥ ናት። እላይ ቢሮዋ ሆና በድምፅ ማጉያ ነው የምታናግራቸው፣ ሠራተኞቹ «ፎቅ» ይሏታል። ዘጠና አንድ የደረሰ ሰው አይቀበርም አለች። ከስድስት ሰዓት በፊት፣ ሳጥኑ ከጣቢያው ወደ ሰማዩ ጨለማ ሊወጣ ሲል፣ ሻምበሉ አንድ ጣት ያንቀሳቅስ። ለሚቀጥለው ዓመት ይበቃናል። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ምሳ የምታዝ ነው የሚመስለው።

አንድ ጣት ከተንቀሳቀሰ ሻምበሉ አልሞተም። ሻምበሉ ካልሞተ ውሉ ይቀጥላል። መንበሩ ሰባ ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት ልቡን ያየው ሐኪም ሲጨርስ እሱን ትቶ ከትርሲት ጋር ነው ያወራው። ለሌላ ሻምበል የሚሆን ዕድሜ የለውም። ሽፋኑን እንዳሰረ ይቀበራል።

«አይሆንም» አለች ትርሲት። «ተገንዟል።»

ያፌት ዞረ። «ምን ሆኗል?»

የመለሰለት ጋሽ ይርዳው ነው፤ ጥግ ባለው የዕቃ ሣጥን ላይ ተቀምጦ እጁን በቱታው እየጠረገ።

«ሬሳ አዘጋጅ አላችሁኝ፣ ገነዝኩት። ጣቱ ታስሮ አፍንጫው የተደፈነ ሰው አይነሳም፣ ልጄ። ተነሳ ብትል ማን ያምንሃል?»

«እሱን ደግሞ ዛሬ ማን ያውቃል?»

«ትኩሳቱን ያወጡት ሰዎች ያውቁታል» አለች ትርሲት። «የተመልካቹን ዝርዝር እየው። ቀድመው የጋሉት ከስልሳ ዓመት በላይ ያሉት ናቸው። ሲገነዝ ያዩ ሰዎች ናቸው። እያለቀሱ ነው።»

ያፌት ዝርዝሩን አየ። ከዚያ ክሩን አጥፉት፣ ጥጡን አጥፉት እያለ ወደ ማሽኑ ሄደ። ማሽኑ አልታዘዘም። ጣት አርፎበታል አለ።

«ሳይነበብ ማን አሳርፊ አላት?» አለች ፎቅ።

ካሜራ የያዙት ሁለቱ ጫማቸውን ያያሉ። የያፌት ድምፅ ተቀርጿል፣ ሁሉም ያውቃል፤ ሁለቴ ነው ያለው።

ትርሲት ይሄን ጊዜ ትንሽ ተነፈሰች። ለመተንፈስ ቸኩላ ነበር።

ምክንያቱም ፎቅ ጥቂት አሰበችና ምንም አይደለም አለች። እንደተገነዘ ይንቀሳቀስ። የተገነዘ ይነሳል አይነሳም እያለ አገር ሳምንት ይጣላ፣ እሱም ትኩሳት ነው። የታሰሩት አውራ ጣቶቹ ናቸው፤ አመልካች ጣቱ ነጻ ነው። ከዚያ መንበሩን አናገረችው፣ በአክብሮት።

«አቶ መንበሩ፣ እየሰሙኝ እንደሆነ አውቃለሁ። አመልካች ጣትዎን ብቻ ነው የምንፈልገው። ካንቀሳቀሱ ልጅዎ ሥራዋ ላይ ትቆያለች። ካላንቀሳቀሱ ዛሬ ትወጣለች፣ ፊቷንም እናስዘጋዋለን። በዚህ ከተማ ካሜራ ያለው በር አይከፈትላትም።»

ካሜራ የሌለው በር ደግሞ በከተማው ውስጥ የለም። የባንኩ፣ የክሊኒኩ፣ የአውቶቡሱ፣ የምትኖርበት ሕንፃ የታችኛው በር፣ ሁሉም ፊት አይቶ ነው የሚከፈተው።

አምስት ሰዓት ከአርባ ነው።

ትርሲት አባቷን አየችው። ቢንቀሳቀስ አይገርማትም። ለሷ ሲል ያልሠራው ሞኝነት የለም፤ ፊቱንም የሸጠው ገና ሳያያት ነው። ተንቀሳቅሶ፣ ተነስቶ፣ ሽፋኑን አስሮ፣ «በይ እንግዲህ፣ ለምጄዋለሁ» ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ነው። እየታየው ይሆናል፣ አሁን፣ ጥጡ ውስጥ።

ክሩን ላጣራ ነው ብላ ወደ ሳጥኑ ሄደች። ሥራዋ ነው፣ የከለከላት የለም። ጎንበስ አለች። አውራ ጣቷን የታሰሩት አውራ ጣቶቹ ላይ አሳረፈችና ተጫነች። እጁ ቀዝቅዟል።

«ከተንቀሳቀስክ ተሸነፍክ» አለችው፣ በጆሮው።

ተመልሳ ቦታዋ ላይ ቆመች።

ያፌት «አሁን» አለ። መንበሩ አልተንቀሳቀሰም። «አባባ፣ አሁን!» ምንም። ያፌት ሳጥኑ አጠገብ ተንበርክኮ ለመነው፤ የኔም እንጀራ ነው አለው። ቀጥሎ ሰደበው፤ ፊቱን ሸጦ የበላ ሽማግሌ፣ ለሰው የማያዝን አለው። ጆሮው ላይ ጮኸ። አልሙኒየሙን በቡጢ ደበደበው። ከአጃቢውና ከምስክሯ በቀር ሰውነቱን መንካት አይቻልም፣ ሕግ ነው፤ እጁን ከአፍንጫው አንድ ጣት ርቀት ላይ አድርጎ አራገበበት። ያን ሁሉ ትርሲት በስድስት ዓመቷ ሞክራዋለች። ከሱ ይልቅ እሷ ትበልጥ ነበር።

አምስት ሰዓት ከሃምሳ። ትኩሳቱ ዘጠና አራት። ተመልካቹ ያፌትን አያይም፣ አይሰማም። የሚያየው የታሰሩ እጆችን ነው።

አምስት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ላይ አንደኛዋ ካሜራ የያዘችው ልጅ ዝቅ ባለ ድምፅ ሰውዬው እየተነፈሰ ነው ወይ አለች። ጋሽ ይርዳው ከተቀመጠበት ተነሳ። ያፌት ወደኋላ አለ። ትርሲት ደረቱን አየች። ደረቱ አይንቀሳቀስም። ከንፈሩ መሃል ያለውን ክፍተት ፈለገች፤ ከቆመችበት አይታይም። ሐኪሙ ያላትን አስታወሰች። መሄድ፣ መንካት፣ አባዬ ማለት ፈለገች። እሷ አባዬ ካለች ደግሞ እሱ ይነሳል። ስለዚህ አላለችም። ሰሌዳዋን በሁለት እጇ ጨብጣ አምስት ደቂቃ ቆመች። በሕይወቷ እንደዚያ ያለ አምስት ደቂቃ አልቆመችም።

ስድስት ሰዓት። ደወሉ ተደወለ። ፈቃዱ አለቀ። ግድግዳው ላይ ሳጥኑ ወደ ጨለማው ወጣ፣ ራቀ፣ ጠፋ።

መንበሩ አስነጠሰ። ጥጡ ተፈናጥሮ ያፌት ጫማ ላይ አረፈ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለ። «ርቦኛል።»

ያፌት የብር ልብሱን እንዳትሰርቅ አለ። ፎቅ ደግሞ ትርሲትን አናገረቻት። በሩ አሁን ያስወጣሻል፣ ሁለተኛ አያስገባሽም አለቻት። ከዚያ ጨመረች።

«ካሜራው አሁን ከጎን አሳየኝ። ጉንጭሽ የሱ ነው። በር ሲያስቸግርሽ መሸጡን አስቢበት።»

ትርሲት ሰሌዳውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። መንበሩ የእጁን ክር በጠሰ፤ እሷ የእግሩን ፈታ፣ ልብሱን ሲቀይር ካልሲውን ከወለሉ አንስታ አጠለቀችለት። ወጡ።

ውጪው በር ላይ ካሜራው መንበሩን ሁለቴ አየው። የአርባ አንድ ዓመት ፊት ነው የሚያውቀው፤ ይኼን አያውቀውም። ያልታወቀ ሰው አለ። ያው የጠዋቱ ጥበቃ መጣና ሽፋንህን ልበስ አለው። መንበሩ ሽፋኑን ከኪሱ አወጣ፣ አጠፈው፣ ጥበቃው እጅ ላይ አስቀመጠለት።

«ላንተ ይሁን። ብርድ ላይ ጥሩ ነው።»

አውቶቡሱ አልከፈተላቸውም። ለሱ የማያውቀው ሆኖበት፣ ለሷ ፎቅ ቀድማ ዘግታባት። በእግር ሄዱ። ፀሐይዋ ከባድ ናት፤ የነጣው ጉንጩ ለመቅላት ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ተሸፈን አላለችውም። አንዲት ልጅ ከእናቷ እጅ ላይ ሆና ፊቱን አየችና አለቀሰች። እሱ ግን የሚያልፍ ሰው ሁሉ ላይ ያፈጣል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ ማንም አይመልስለትም። አውራ ጣቱ ላይ የተበጠሰው ክር ተንጠልጥሏል። ልታወልቅለት እጇን ስትሰድ ተዪው አላት።

አደባባዩ ላይ ትልቁ ስክሪን ሥር ሰው ተሰብስቧል። ክፍሉ ወጥቷል። ሰማይ የሚያህል ሻምበል ኤልዳድ፣ ጥርት ያለ የአርባ አንድ ዓመት ፊት፣ ዓይኑ የተከደነ። ሰዎች ቆመው ያለቅሳሉ። ሽማግሌዎች ኮፍያቸውን አውልቀዋል። አንዲት ጠና ያለች ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ከቤቷ እንደዚያ ለብሳ ነው የመጣችው።

መንበሩ ፊት ለፊቷ ቆመ። ፊቱን ቀና አድርጎ ሰጣት፣ መስተዋት ፊት የቆመ ይመስል። ሴትዮዋ አየችው። ቀና ብላ ስክሪኑን አየች። ደግማ እሱን አየችው። ትርሲት ትንፋሿን ያዘች።

«አባባ፣ ዞር ይበሉልኝ እባክዎ» አለች ሴትዮዋ። «ጋረዱኝ። ሰው ሞቶብን ነው።»

መንበሩ ከፊቷ ዞር አለ። አጠገቧ ቆሞ እሱም ቀና ብሎ አየ፣ ክሩ እንደተንጠለጠለ።

«እግዜር ያጥናሽ» አላት።